ሬዲዮው ሲነካ የምትጨልመው ጀልባ

የተቆረጠው ሽቦ የተገኘው ሰኞ ጠዋት ነበር። የጀልባዋ ባለቤት፣ ጡረታ የወጡት የጥርስ ሐኪም፣ ከመሪው ሥር ያለውን የእንጨት ክዳን በገዛ እጃቸው ፈትተው አንገታቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ፣ አንድ ጥቁር ሽቦ ለሁለት ተከፍሎ፣ ጫፎቹ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት በየፊናቸው ዞረው አገኙት። ቆረጣው ንጹሕ ነበር። በእርጅና የተበጠሰ ሽቦ እንዲህ ያለ ጫፍ የለውም፤ ፒንሳ የያዘ እጅ አርፎበታል። ሐኪሙ አንገታቸውን አወጡና ፖሊስ ጠሩ።

ኢንስፔክተሯ ወደ መዝናኛ ጀልባዎች መቆሚያ ስትደርስ ጉሙ ገና ከውኃው ላይ አልተነሣም። ሃያ ስድስት ዓመት በወንጀል ምርመራ ያሳለፈች፣ በመሥሪያ ቤቷ «ረጋ በይ» በሚል ቅጽል ስም የምትታወቅ ሴት ናት። ስሙን ያወጡላት መቻኮልን ከትጋት የሚቆጥሩ አለቆች ነበሩ፤ እርሷ ግን እንደ ሹመት ተቀብላዋለች። ባሕር አትወድም፤ ሥራዋን ግን ትወዳለች። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ለማንም ያልነገረችው አንድ የሚያጽናና እውነት ተገልጦላታል፤ የሰው ልጅ ክፋት ብሎ ከሚፈራው ነገር ውስጥ ትልቁ ድርሻ፣ ጠጋ ብለው ሲያዩት፣ ሌላ ስም ያለው ነገር ሆኖ ይገኛል።

ሐኪሙ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጋርደው ተረኩላት። እሑድ የልደታቸው ቀን ነበር። ከባለቤታቸውና ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ለሽርሽር ወጥተው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሲመለሱ ጉም ያዛቸው። ደግነቱ የካርታ ስክሪን አላቸው፣ የጥልቀት መለኪያ አላቸው፣ ሬዲዮ አላቸው። ልክ የወደቡ አፍ ላይ ሲደርሱ ሦስቱም እንደ ተማከሩ ጠፉ፤ ጀልባዋም ድንጋዩ ላይ ወጣች። ዓሣ አስጋሪዎች ደርሰው ባያወጧቸው ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። እጃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ከፊት ጥርሳቸው ግማሹ የለም። አርባ ዓመት የሰው ጥርስ የጠገኑት ሰው፣ የራሳቸውን ግማሽ ጥርስ በወረቀት ጠቅልለው በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ።

የሚጠረጥሩትን ለመናገር ጥያቄ አላስፈለጋቸውም። በመቆሚያው የጀልባ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን፣ ሰው ሁሉ «ሽቦ» የሚለውን ባለሙያ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት የጀልባዋን ውስጥ እንዲያይ ጠርተውት ነበር። አየና፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ይቺ ጀልባ አይደለችም፣ ሞተር የተገጠመላት የሸረሪት ድር ናት» አለ። ተቆጥተው አባረሩት። እየሄደ ዞር ብሎ፣

«አንድ ቀን ባሕር መካከል ሆነው ይጠሩኛል፣ ዶክተር» አላቸው።

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል እንዲሉ፣ ይህች ዓረፍተ ነገር አሁን በመቆሚያው ሰው ሁሉ አፍ ላይ ትንከባለላለች። የመቆሚያው ኃላፊ፣ መዝገብ እንደ ጸሎት መጽሐፍ በብብቱ ይዞ የሚሄድ ደረቅ ሰው፣ ለኢንስፔክተሯ አንድ መስመር በጣቱ አሳያት። ቅዳሜ ሽቦ ሦስት ሰዓት ላይ ገብቷል፤ አምስት ሰዓት ላይ ወጥቷል። የባለቤቶቹ ቤተሰቦች ስለማይመዘገቡ ከእርሱ በቀር ወደዚያ መስመር የገባ ባለሙያ በመዝገቡ የለም። ኃላፊው አክሎ፣ ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ኮሚቴው እንደሚሰበሰብና የሽቦን የሥራ ፈቃድ እንደሚነጥቅ ነገራት። ከዚህ የተባረረ ሰው በሌላ ወደብ በር የሚከፍትለት እንደሌለም አልሸሸጋትም። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ደግሞ የሰው ሕይወት ለአደጋ በማጋለጥ ይከሰሳል።

*

የሽቦ ሱቅ አንድ ክፍል ናት። በግድግዳው ላይ በትናንሽ የመስታወት ማሰሮዎች ፊውዝ በየመጠኑ ተደርድሯል፤ ፒንሳዎቹ ሁሉ ቅርጻቸው በተሣለበት ሰሌዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ አንዱም ከቦታው አልጎደለም። ሰውየው ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ቅጽል ስሙ ከሥራው ይሁን ከክሳቱ የመጣ መሆኑን ለመለየት ያስቸግራል።

ቅዳሜ ጀልባዋ ላይ ወጥቶ እንደ ነበር ጠየቀችው። አልወጣሁም አለ። የት ነበርህ ስትለው እዚሁ ሱቅ ውስጥ አለ። መዝገቡን ስትነግረው ዓይኑን ከእርሷ ላይ አንሥቶ ፊውዞቹን መቁጠር ጀመረ። እርሷም አልተጫነችውም። የሚዋሽ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ይህ ሰው ደግሞ ውሸት የለመደ አይመስልም፤ የሰው ጫማ እንዳደረገ ሰው ሲዋሽ ይሰናከላል።

ከሱቁ ስትወጣ ከጎን ያለው ነጋዴ ጠራት። አዳዲስ የጀልባ ዕቃዎች የሚሸጥ፣ የኮሚቴው አባል የሆነ ወፍራም ሰው ነው፤ ግራ ጉንጩ እንደ ሎሚ አብጧል። የሐኪሙ መሣሪያዎች ተቃጥለዋል፣ ሁሉም መለወጥ አለባቸው፣ ሽቦ የተባለው ልጅም ድሮውንም አላማረኝም ሲል በግማሽ አፉ አጫወታት። ከአደጋው የሚጠቀም ሰው ቢፈለግ ከእርሱ የቀረበ አልነበረምና ኢንስፔክተሯ ቅዳሜን የት እንዳሳለፈ ጠየቀችው። ነጋዴው መልስ ከመስጠት ይልቅ አፉን ከፈተላት። ከጠዋት እስከ ማታ ጥርስ ሲያስነቅል ውሏል፤ ያውም ሐኪሙ ድሮ ይሠሩበት በነበረው ክሊኒክ። ክሊኒኩ በስልክ አረጋገጠላትና ያን በር ዘጋች።

*

ከሰዓት በኋላ ወደ ሐኪሙ ቤት ሄደች። በሩን የከፈቱላት ባለቤታቸው ናቸው፤ ባላቸው በማይሰሙበት ክፍል አስቀምጠዋት፣ የታመቀ ወሬያቸውን እንደ ግድብ ውኃ ለቀቁት። ታላቅ ወንድምየው ጥግ ላይ ካለ ወንበር ተቀምጠው ዝም ብለዋል። ቀጭን፣ ንጹሕ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፤ የጣታቸው ጥፍር ዙሪያውን የማር መልክ አለው።

ኢንስፔክተሯ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። መሣሪያዎቹ የጠፉት በምን ቅደም ተከተል ነው?

«ጠፉ ያለሽ ማን ነው?» አሉ ሴትየዋ። «ይጠፋሉ፣ ይበራሉ። መጥፋት ቢሆንማ አንዴ ጠፍተው በቀሩ ነበር። ያ ሰውዬ ሬዲዮውን ጨብጦ ሃሎ ሲል ሁሉም ድርግም፤ ሲለቀው ስክሪኑ ቀስ ብሎ ይነቃል፤ ደግሞ ሃሎ፣ ደግሞ ድርግም። ተወው ብለው ማን ሊሰማኝ። እርሱ እንደሆነ ያፈረ ዕለት እልኸኛ ነው።»

«ሞተሩስ?»

«ሞተሩማ እንደ ጉድ ይሠራ ነበር። ባይሠራማ ኖሮ ድንጋዩ ላይ ማን ይጥለን ነበር?»

ኢንስፔክተሯ ብዕሯን አቆመች። የተቆረጠ ሽቦ ይቆረጣል እንጂ ሄዶ አይመለስም። በሬዲዮ ቁልፍ የሚጠፋና በሬዲዮ ቁልፍ የሚበራ ነገር ቁስሉ ሌላ ቦታ ነው። ይህን እያሰበች ሳለ ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

«ክዳኑ ተጭሯል?»

የቱ ክዳን አለቻቸው። ከመሪው ሥር ያለው፣ የእንጨቱ፣ አሉ። ወንድማቸው ሲፈታው ጭሮት እንደሆነ ማወቅ ፈልገው ነው። ጀልባ ተሰንጥቆ፣ ጥርስ ተሰብሮ፣ ሰው ሊከሰስ ሲል ይህ ሽማግሌ የሚጨነቁት ለአንድ ክዳን ነው። ኢንስፔክተሯ እንዳልተጫረ ነገረቻቸው፤ ፊታቸው ላይ እፎይታ አየች። ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም፤ ያልገባትን ነገር ደግሞ በማስታወሻዋ ጥግ ላይ ማስፈር ልማዷ ነው።

*

ማክሰኞ ጠዋት ሽቦ ሱቁን ሳይከፍት ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሌሊቱን ያልተኛ መሆኑን ዓይኑ ይናገራል። ሳትጠይቀው ጀመረ። ቅዳሜ ጀልባዋ ላይ ወጥቷል፤ ሽቦውንም የቆረጠው እርሱ ነው። ለተነሣ አሮጌ መብራት ይሄድ የነበረ፣ ሥራ የሌለው ሽቦ ነው፤ ጫፉ ራቁቱን ተንጠልጥሎ ስላየው፣ አንድ ቀን ኤሌክትሪክ ያለበትን ቀዩን ሽቦ ነክቶ እሳት ይነሣል ብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣ። ቆርጦ ሁለቱንም ጫፍ በሚያጣብቀው ጥቁር ናስትሮ ጠቀለለ፤ አንድ ያረጀ ፊውዝ ቀየረ፤ ወረደ።

«ታዲያ ይህን ለምን ዋሸኸኝ?»

«ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰው ጀልባ የነካ ፈቃዱን ይነጠቃል» አለ። «እውነቱን ብናገርም ተባረርኩ፤ ብዋሽም ተባረርኩ። ውሸቱ ትንሽ የሚያዘገየኝ መሰለኝ።»

ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ በእንጨት መደገፊያ ላይ ቆማ ነበር። ኢንስፔክተሯ መሰላሉን ወጣችና ከመሪው ሥር ተንበርክካ የሽቦውን ጫፎች በጣቷ ዳሰሰች። ናስትሮ የለም። ነገር ግን ሁለቱም ጫፎች ያጣብቃሉ። ናስትሮ ነበረ፤ አንድ ሰው ልጦታል።

«ና፣ ወደዚህ ውጣ» አለችው። «እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። አንተ ትናገራለህ፣ እኔ እነካለሁ። ማስረጃ ላይ የተጠርጣሪ ጣት ካየሁ ሁለታችንም አብቅቶልናል።»

የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ እጇ ላይ አስጨበጣትና እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከየት ልጀምር አለችው።

«ከምንጩ። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከጠፋው ስክሪን ነው። ስክሪኑ ግን ለቀስተኛ ነው፤ ሟቹ ሌላ ነው። ከባትሪው ይጀምሩ።»

ባትሪው አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት አነበበ፤ ጤነኛ ነው አላት። ቀጥሎ በስክሪኑ ጀርባ ለካች፤ ምንም ሳይበራ እዚያም አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት። ስክሪኑን አበራች፤ አሥራ ሁለት። አሁን ሬዲዮውን ይጫኑ አላት። ስትጫን ቁጥሩ ከአሥራ ሁለት ወደ ሰባት ወረደ፤ ስክሪኑ ጨለመ። ስትለቅ ተመለሰ። ልጅነቷ የተመለሰላት ይመስል ደግማ ተጫነች፤ ደግማ ለቀቀች።

ሬዲዮ ሲሰማ ጥቂት ይበላል፤ ሲናገር ግን ብዙ ይበላል አላት ሽቦ። ለጥቂቱ የሚበቃ ጠባብ መንገድ ለብዙው አይበቃም። ሞተሩ በራሱ ወፍራም ገመድ ከባትሪው ስለሚያገኝ አይነካውም። ስለዚህ በባትሪውና በስክሪኑ መካከል አንድ ቦታ መንገዱ ጠብቧል። ቀዩን መስመር እርምጃ በእርምጃ ፈተሹ፤ ደህና ነው። የቀረው ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ጥቁሩ ነው። ጥቁሮቹ ሽቦዎች ሁሉ በብሎን የሚሰበሰቡበት አንድ የመዳብ ዘንግ አለ፤ ኢንስፔክተሯ መብራቷን ስታበራበት እንደ ወርቅ አንጸባረቀ።

ሽቦ ከኋላዋ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ በዝግታ፣

«ይህ እኔ ቅዳሜ ያየሁት መዳብ አይደለም» አላት። «እኔ ያየሁት አረንጓዴ ነበር።»

የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ቀይ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን የሚያብረቀርቀው መዳብ ላይ እንድታደርግ ነገራት። አደረገች። ቴስተሩ ዜሮ አነበበ። ጠበቅ አድርጋ ተጫነች፤ ዜሮ። ዓይኗ እያየው፣ እጇ እየነካው፣ ብረቱ የለሁም ይላታል። የቤቷን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ መዳቡን ፋቀችው። ቀጭን፣ የማር መልክ ያለው ልጣጭ ተጠቅልሎ ተነሣ። በተፋቀው ቦታ ላይ ስትለካ ቴስተሩ አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት አለ።

«ቫርኒሽ ነው» አለ ሽቦ፤ ድምፁ ከንዴት ይልቅ አድናቆት ነበረበት። «ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በብሎኖቹ ጥርስ ብቻ ነበር። ግን እንዴት ያለ አቀባብ ነው! አንድ የብሩሽ መስመር የለበትም።»

ኢንስፔክተሯ ልጣጩን በጣቷ ጫፍ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። በዚህ መልክ የቀለሙ ጥፍሮች የት እንዳየች ታውቃለች።

*

የሽማግሌው መሥሪያ ክፍል በወንድማቸው ቤት ጓሮ ናት። ብሩሾቹ እንደ መጠናቸው በምስማር ተንጠልጥለዋል፤ አንድ ወንበር እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ ሁለተኛውን ቅብ ይጠባበቃል። ኢንስፔክተሯ ከመናገሯ በፊት ግራ ገባት። እኒህን ሽማግሌ ከጎዳቻቸው ልጁን ታድናለች፤ እርሳቸውን ከማረች ደግሞ ልጁ ተቀበረ። ስለዚህ ክስ ሳይሆን ጥያቄ ይዛ ገባች፤ ለወንድምዎ ልደት ምን ሰጧቸው አለቻቸው።

ፊታቸው በራ። አየሽው? አሏት። አዲስ ክዳን ሠርተው ሦስት ጊዜ ቀብተውታል፤ በየመካከሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰው ሳያያቸው ነው የገቡት። የድሮውን ክዳን ሲፈቱ ከውስጥ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኖ አዩትና አፈሩ፤ ከውጭ አጊጦ ከውስጥ የቆሸሸ ሥራ እርሳቸው አያውቁም። እያንዳንዱን ሽቦ በጠመኔ ምልክት አድርገው ፈቱ፤ መዳቡን ፈገፈጉ፣ ወለወሉ፣ ቀቡ፤ እሑድ ስለሚወጡም ቅቡ በደንብ ሳይደርቅ ሽቦዎቹን በየቦታቸው መልሰው አሰሩ። በቁስል ላይ እንደ ተለጠፈ ጨርቅ የሚያስጠላ ጥቁር ናስትሮም ነበር፤ እርሱንም ላጡት። እሑድ ቀኑን ሙሉ ከመሪው አጠገብ ተቀምጠው ወንድማቸው ክዳኑን አይቶ አንድ ቃል እስኪናገር ጠበቁ። ወንድማቸው ግን ባሕሩን ነበር የሚያየው።

ኢንስፔክተሯ በተቻላት መጠን ለስላሳ አድርጋ ነገረቻቸው። ኤሌክትሪክ ራቁት ብረት ይፈልጋል፤ ቫርኒሽ አያሳልፈውም።

ሽማግሌው ብሩሹን አስቀመጡ። የተገለበጠውን ወንበር እግር በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«እንጨት ሁሉ ልብስ ይወዳል» አሉ። «ሃምሳ ዓመት ያለበስኩት እንጨት ነው። ብረትም እንዲያ መሰለኝ።»

ከዚያም፣ «ታዲያ ያ ልጅ በእኔ ጦስ ነው የሚባረረው?» አሏት።

አሥር ሰዓት ላይ አለቻቸው። እንዲመጡ እንደማታስገድዳቸው፣ የጻፈችውን ሪፖርት ብቻዋን ልታቀርብ እንደምትችልም ነገረቻቸው። ንግግሯን ሳትጨርስ ኮታቸውን ከምስማሩ አውርደው እየለበሱ ነበር።

*

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ነጋዴው ያበጠ ጉንጩን ደግፎ፣ እንዲህ ያለ ሰው በመካከላችን ሊቆይ አይገባም የሚለውን ንግግሩን እያላመጠ ሲጨርስ፣ ሽቦ ከበሩ አጠገብ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆሞ ነበር። ሐኪሙ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። ኢንስፔክተሯ ሪፖርቷን ልታነብ ስትነሣ ሽማግሌው ክንዷን ያዙና እርሳቸው ቀደሙ።

«ልጁን ተዉት» አሉ። «ጀልባዋን ያጨለምኳት እኔ ነኝ። ላሳምራት ብዬ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ፤ ጠመኔውን፣ ናስትሮውን፣ ያልደረቀውን ቅብ ሳይቀር። ሐኪሙ አፋቸውን መሸፈን ረስተው ቆሙ።

«ወንድም ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«እስክታየው እየጠበቅሁ ነበራ።»

አርባ ዓመት የሰውን አፍ በመብራት የመረመሩ ሰው፣ አፍንጫቸው ሥር የተቀመጠውን ስጦታ ሳያዩት ቀርተዋል። ዞሩና ወደ በሩ ሄዱ፤ ሽቦ ፊት ቆመው፣ ያለ ፈቃድ ጀልባዬን መንካትህ ጥፋት ነው፣ እኔም አንተን አለመስማቴ ጥፋት ነው አሉት። ቀጥለውም ኮሚቴው እየሰማ፣ የሸረሪት ድሩን በሙሉ አንሥቶ በአዲስ እንዲሠራላቸው ጠየቁት። የመቆሚያው ኃላፊ መዝገቡን ገልጦ ለሽቦ አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አሰፈረ፤ ፈቃዱ ግን በኪሱ ቀረ። ሽቦ እንደ ተፈረደለት በገባው ጊዜ እጆቹን ከኪሱ አወጣና የሚያደርጋቸው ቦታ ጠፋው።

*

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኢንስፔክተሯ ፋይሉን የሚዘጋ ፊርማ ፍለጋ ወደ መቆሚያው ተመለሰች። ጀልባዋ ውኃ ላይ ናት። ከመሪው ሥር ሽቦና ሽማግሌው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተንበርክከዋል፤ ሐኪሙ በአዲሱ ጥርሳቸው ፈገግ እያሉ ከበላያቸው መብራት ይዘዋል። ሽቦ መዳቡን ከቅቡ አራቁቶ ጨርሷል። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አስገብቶ ብሎኖቹን በካቻቢቴ አጠበቀ። ሬዲዮውን ለኢንስፔክተሯ አቀበላት። ቁልፉን ተጭና ኃላፊውን ጠራች፤ ስለ ጤናው፣ ስለ መዝገቡ፣ ስለ አየሩ ጠየቀችው፤ ስክሪኑ ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም። ለምን እንደሚጠሩት ግራ የገባው የኃላፊው ደረቅ ድምፅ ጀልባዋን ሞላት።

ሽማግሌው ሥራው ማለቁን አይተው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ሊነሡ ሲሉ ሽቦ ክንዳቸውን ያዘ። ከመሣሪያ ሣጥኑ ትንሽ ጣሳ ቫርኒሽ አወጣ፤ የጣሳውን ክዳን ከፈተ፤ ብሩሹን እጃቸው ላይ አኖረ። ሽማግሌው እንደሚቀልድባቸው ሁሉ ቀና ብለው አዩት።

«አልቀልድም፣ ጋሼ» አለ። «እርጥበት እንዳይገባው መቀባት አለበት፤ ግን ከታሰረ በኋላ ነው። እርስዎ የተሳሳቱት ተራውን ብቻ ነው። ከሥር ብረት ለብረት፣ ከላይ ልብሱን።»

ሽማግሌው ብሩሹን ነከሩ፤ በጣሳው ጠርዝ ላይ አራገፉ።

«ስንት ጊዜ ልቀባው?»

«አንድ ይበቃዋል።»

«ሁለት» አሉ፤ የመጀመሪያውን መስመር ከዳር እስከ ዳር እየሳቡ።